ቢጫዋ ወፍ የቀረች ጊዜ

ጋራዥ ውስጥ «ጆሮ» ይሉታል። ቀኑን ሙሉ የተጨማደደ የመኪና በር በመዶሻ እየቀጠቀጠ ሲያቀና ይውላል። መዶሻውን ባስቀመጠ ቁጥር ግን ቀና እንኳ ሳይል «ቁራው ድመት አይቷል» ይላል። ወጥተው ሲያዩ እውነትም ድመቷ አጥሩ ላይ ናት። ባልደረቦቹ መጀመሪያ ሳቁበት፣ ቀጥለው ተወራረዱበት፣ ሁልጊዜ ሲረታቸው ጊዜ ስም አውጥተውለት አረፉት።

ሚስቱን ግን በዚህ አመሉ አሰልችቷታል። ገና ሳይነጋ መስኮት ከፍቶ ብርድ ያስገባና «ይቺ ዋኔ ናት፣ ያ ደግሞ ባሏ ነው» እያለ እንቅልፍ ይነሳታል። እሷም ብርድ ልብሷን ተከናንባ ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች።

«የኔን ድምፅ እንዲህ ብታዳምጥ ምን ነበረበት?» ትለዋለች አንዳንዴ።

«ያንቺማ ወፍራም ነው፣ ሳላዳምጠውም ይሰማል።»

ዘንድሮ ቢጫዋ ወፍ ቀረች። ዝናቡ ሲያባራ ጓሯቸው ያለው ዛፍ ላይ እየመጣች በቀጭን ድምፅ የምታፏጭ፣ ከሁሉም አብልጦ የሚወዳት ወፍ ናት። ቁራውም ዋኔዋም እንደ ወትሮው ይጮኻሉ፤ የእሷ ድምፅ ግን የለም። ድመት በልቷት ይሆናል ብሎ ምግብ አልወርድ አለው። መስኮቱንም መክፈት ተወ። ሚስቱ የተመኘችውን እንቅልፍ አገኘች፤ ሆኖም እንቅልፉ አልጣማትም።

አንድ ጠዋት ጓሮ ልብስ ስታሰጣ እሱ ዛፉ ሥር አገጩን ይዞ ተቀምጧል።

«ሞታለች ማለት ነው» አለ።

ቀና ብላ አየች። ወፏ ልክ ከራሱ በላይ ቅርንጫፍ ላይ ሆና ጉሮሮዋን ነፍታ ታፏጫለች። የሚቀልድ መስሏት ልትስቅ ስትል ፊቱን አየችው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። የስንት ዘመን መዶሻ ነው፣ ቀጭኑን ድምፅ ወስዶበታል።

«እላይህ ላይ ናት እኮ» አለችው ቀስ ብላ።

አንጋጠጠ። የወፏ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ሚስቱ እርጥቡን አንሶላ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና ከንፈሯን አሹላ አፏጨች። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ወደ ታች የሚወርድ። የወፏ ዜማ ነው፣ በወፍራሙ።

«የት ተማርሽው?»

«ዕድሜ ልኬን ስትነዘንዘኝ የት ልሂድ?»

ሳቀ፤ ዓይኑን በእጁ ጠረገ። «የመጨረሻውን ትንሽ አርዝሚው» አለ። ደገመችለት።

አሁን ጠዋት ጠዋት መስኮቱን የምትከፍተው እሷ ናት። ብርድ ገባ ብሎ የሚያጉረመርመው እሱ ነው። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ «ዛሬስ እነማን መጡ?» ይላትና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣታል።