ከልጄ ላይ የጎደለው ሦስት መቶ ግራም

ከልጄ ላይ ሦስት መቶ ግራም ጎድሎብኛል። ጤና ጣቢያው ስትወለድ ሦስት ኪሎ ከአንድ መቶ ናት ብሎ አስረከበኝ፤ ከገና በኋላ ለምርመራ ይዤያት ስመለስ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ ናት አለኝ። በመሃል ልጅቷን የትም አልጣልኳት፣ ለማንም አላዋስኳት። ለሌላ ሰው ሦስት መቶ ግራም ምንም አይደለም። እኔ ግን የአትክልት ቤት ሚዛን ላይ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ሦስት መቶ ግራም ማለት ሦስት ደህና ደህና ሽንኩርት ነው። ሦስት ሽንኩርት የጎደለበት ደንበኛ ምን እንደሚለኝ ደግሞ እኔ ነኝ የማውቀው።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት ያላችሁት «ደምሌ አዲስ አበባ ገባና ጠገበ» ትላላችሁ ሲሉ ስለሰማሁ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ሪዜ ካደገ በኋላ በማታ ትምህርት ስለሆነ ማሳመር አልችልም። እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

ከጎጃም የወጣነው መንገዱ የተከፈተ ሰሞን ነው። አማቴ እማማ የሺ ገና ጎህ ሳይቀድ ስንቅ ስትቋጥር ነበር፤ በሶ፣ አብሽ፣ አንድ ቅል ቅቤ። ቅቤው ለአራስ ነው። እናኑ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። «ልጅቱ እንደተወለደች ቅቤ አልሷት፣ አንጀቷ ይለሰልሳል» አለችን እማማ የሺ። ሴት እንደምትሆን እንዴት እንዳወቀች አላውቅም። አባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ ሙቀቱ ሲያይል ቅሉ ከአውቶቡሱ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ማንጠባጠብ ጀመረ። ከፊታችን የተቀመጠ ሰውዬ ራሱን ዳበስ አደረገና ዞረ።

«ወንድሜ፣ ከላይ የሚቀባኝ ማነው?»

«ቅቤ ነው። ለአራስ ነው» አልኩት።

«እኔ መቼ ወለድኩ?»

አዲስ አበባ እስክንገባ ድረስ ፀጉሩ አብረቀረቀ። አመሰገነኝም፣ ሰደበኝም።

ካዛንቺስ ካዛንቺስ እያለ በስልክ ልቤን ያጠፋው የአጎቴ ልጅ ሽባባው ነው። ስደርስ ግማሹ ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ መንገዱ ሰፍቶ፣ መብራቱ በዝቶ፣ ሰው ግን የለበትም። የሽባባው አትክልት ቤት ካልፈረሰው ወገን ስለሆነ ተርፏል። ቲማቲም ከድንች እየለየሁ መመዘን ጀመርኩ። እንጀራቸው ስስ ነው፣ በአንዱ ማዶ ሌላው ይታያል። ብርዳቸው የእኛን አገር ብርድ ያህል አይደለም ግን ቤት ውስጥ ገብቶ ይጠብቃችኋል። ሰዉ ደግሞ «እንዴት ነህ» ይልና መልሱን ሳይሰማ ታክሲ ይሳፈራል።

ቤት ያገኘነው ቂርቆስ ነው፣ አንድ ክፍል። አከራያችን እትዬ ዘነብ በር ላይ ቆመው ነው የጠየቁኝ።

«ልጅ አለህ?»

«የለኝም እትዬ።»

«ሚስትህ?»

«ነፍሰ ጡር ናት።»

«ታዲያ አለህ ማለት ነው። ያለቅሳል?»

«ገና አልተገናኘንም።»

«እንግዳ ከሁለት በላይ አላስገባም። የልብስ ውሃ ግቢ ውስጥ አይደፋም። ሲያለቅስ ደግሞ ወደዚያኛው ግድግዳ አዙረህ አስለቅሰው፣ እኔ ደም ግፊት አለብኝ።»

እሺ አልኩ።

ልጄ ለገና ዋዜማ ተወለደች። እትዬ ዘነብ ያን ቀን ሌላ ሰው ሆኑ። ግቢያቸው አራስ ከገባበት ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ገንፎውን ራሳቸው አገነፉ፣ አጥሚቱን ራሳቸው አማሰሉ፣ ከዚያ የማኅበራቸውን ሴቶች ጠሩ። የማኅበራቸው ሴቶች የዕድሩን ሴቶች ጠሩ። የዕድሩ ሴቶች ባሎቻቸውን ይዘው መጡ። ከጠዋት እስከ ራት በአንድ ክፍላችን ውስጥ ሰው አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ጀሪካኑ ላይ፣ የእኔ ጫማ ላይ ተቀምጦ ይውላል። እኔ ውጭ ቆሜ እውላለሁ። ገንፎውን አራሷ አንድ ጉርሻ ስትቀምስ ጠያቂው ጎድጓዳውን ይጨርሰዋል። ልጄ ከእጅ እጅ ትዞራለች።

«እንዴት ያለች ጨዋ ናት። ድምጿ አይሰማም።»

«እንትፍ እንትፍ በይ እንጂ።»

ጨዋ መሆኗ ደስ አለኝ። የእኔ ዘር ጨዋ አይወጣውም።

እንግዲህ ጤና ጣቢያ የሄድነው ከዚህ በኋላ ነው። ካርዱን ራሴ አነበብኩት፤ ቁጥሩን ሁለቴ አየሁት።

«ሲስተር፣ ሦስት መቶ ግራም ጎድሏል።»

«ይቀንሳሉ አባት። ሕፃን ሲወለድ ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው። ይሸናል፣ ያንን ጥቁሩን ይወጣዋል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቀንሳል። ኖርማል ነው።»

«ታዲያ መጀመሪያ ለምን ከነሽንቷ መዘናችሁልኝ?»

ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሸንታ እስክትጨርስ ልጠብቅልዎ ነበር?»

«እኔ ድንች ስመዝን አፈሩን አራግፌ ነው።»

«ይሄ ድንች አይደለም።» ወደ እናኑ ዞረች። «መቀነሱ ኖርማል ነው ብያለሁ፤ የእሷ ግን በዛ ብሏል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የተወለደችበት ኪሎ ላይ መመለስ አለባት። ጡት እንዴት ነው? ቶሎ ቶሎ ትጠባለች?»

እናኑ መሬት መሬቱን እያየች «ደህና ትጠባለች» አለች።

«ውሃ፣ አብሽ፣ ቅቤ፣ ምንም እንዳይገባ። ጡት ብቻ፤ በጠየቀች ቁጥር፣ ቀንም ሌሊትም። ጥምቀት ሲያልፍ ትመጣላችሁ። ካልሞላች ሆስፒታል እልካችኋለሁ፣ ትተኛላችሁ።»

ሆስፒታል ሲባል እናኑ ልጅቷን ደረቷ ላይ ጥብቅ አደረገቻት። ከኛ ሰፈር ሆስፒታል የተኛ ሰው ሲመለስ አላየችም። እኔም አላየሁም። ይቺ ልጅ ሁለት ልጅ ከጨነገፈ በኋላ የመጣች ናት፤ ይህን አገር ቤት ያላችሁ ታውቃላችሁ፣ እዚህ ያሉት አያውቁም።

የጤና ጣቢያውን ሚዛን አላመንኩም። ሽባባውን የሱቁን ለመንኩት።

«ሚዛን ለምንህ ነው?»

«ለልጄ።»

«በኪሎ ልትሸጣት ነው?»

«አፍህን ዝጋ።»

«ከመሸጫው ሰዓት በኋላ ውሰድ። ጠዋት ስትመልስ ደግሞ አጥበህ፤ ሸንታበት ሰላጣ አልመዝንም።»

ሳህኑን በሙቅ ውሃ አጥቤ፣ ነጠላ አንጥፌ አስተኛኋት። የሽንኩርት ሽታ ስለነበረው አነጠሰች። ጠያቂዎቹ ዙሪያውን ከበቡ።

«ነጠላውን ቀንስ፣ ነጠላው ይገባል።»

«እግሯ ወጥቷል፣ እግሯን አስገባው።»

«ምርቃት አትጨምርም?» አለች አንዲት የዕድር ሴት፤ ለካ ደንበኛዬ ናት፣ ሽንኩርት ስትገዛም እንዲሁ ናት።

ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ አለ። ሲስተር አልዋሸችም። የመጀመሪያውን ቁጣዬን የማወርድበት ሰው አጣሁ፣ እሱም አናደደኝ። ከዚያ በኋላ በየማታው መዘንኩ፤ አንድ ቀን ትንሽ ትጨምራለች፣ በማግስቱ ትመልሰዋለች። እማማ የሺ በየቀኑ ትደውላለች። «ቅቤውን አላላሳችኋትም፣ አይደል?» ትላለች። ሲስተር ከልክላለች ስላት «ሲስተሯን ማን አሳደጋት፣ በቅቤ አይደለም?» ብላ ትዘጋብኛለች።

የጥምቀት ዕለት ግን ነገሩ ተገለጠ። ጠያቂው ሁሉ ነጭ ለብሶ ታቦት ለመሸኘት ወጣ፣ እትዬ ዘነብም ወጡ። ግቢው ጭር አለ። ሽባባውም ሱቁን ስለዘጋ ሚዛኑ እኛው ጋ ዋለ። እናኑ ጡቷን አወጣች፣ ልጅቷ ያዘች፣ አልለቀቀችም። እንደ ጥጃ በጭንቅላቷ እየደሰቀች ትውጣለች፤ ጉሮሮዋ ጉልቅ ጉልቅ ሲል ይሰማኛል። ተኛች፣ ነቃች፣ ደግሞ ጠባች። ጨዋ የተባለችው ልጅ ለሁለተኛው ጡት እሪ አለች። ማታ ብመዝናት ከፍ ብላለች።

«እናኑ፣ ዛሬ ምን አገኘች?»

«ሰው አጣች።»

«ምን ማለት ነው?»

«አንተ ደግሞ። ስትበላ ሰው እያያት? ማን እንደሆኑ የማላውቃቸው ሰዎች ዓይን ሥር ላጥባት? ሌሊት ነው የማጠባት፣ ሰው ሲሄድ። ቀን ደክሟት ትተኛለች።»

እናንተ ወዲያው ይገባችኋል። እኛ አገር ሰው ሲበላ ባዳ ዓይን አይገባበትም፣ በነጠላ ይከለላል። የልጅ እንጀራ ጡት ነው። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ብላት «ነግሬህ ምን ልትል? ዓይናችሁ ክፉ ነው፣ ውጡ ልትላቸው?» አለችኝ። ልክ ናት። ገንፎ ያገነፈችልህን ሴት ቡዳ ነሽ ከማለት ቤቷን ማቃጠል ይቀላል። እኔ ባለጌ ነኝ ይሉኛል፤ ይህን ግን እኔም አልደፍርም።

ታቦቱ በገባ ማግስት ጠያቂው ተመለሰ። ልጄ ጨዋ ሆነች። ወጥቼ እትዬ ዘነብን አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ አቤቱታ አለኝ።»

«በማን ላይ?»

«በተከራይዎ ላይ። በእኔ።»

«ምን አደረግህ?»

«እንግዳ አበዛሁ። ከሁለት በላይ አላስገባም ብለውኝ ነበር፣ ዛሬ ጀሪካኑ ላይ እንኳ ሦስት ሰው አለ። ደንብዎን እየናቅሁ ነው። ዝም ካሉኝ ሌላውም ተከራይ ይለምድብዎታል።»

«እኔው አይደለሁ እንዴ የጠራኋቸው?»

«እሱን ተከራይ አይጠይቅም።»

በርጩማቸውን አንስተው ደጁ ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያዋ የማኅበር ሴት ሙሉ አነባበሮ ተሸክማ ስትመጣ «አነባበሮው ይግባ፣ አንቺ ተመለሺ» አሏት።

«ምን ሆነሻል ዘነብ?»

«የቤቴ ደንብ ነው።»

«ትናንት የት ነበር ደንቡ?»

«ጥምቀት ሄዶ ነበር።»

የገዛ የባላቸውን እህት እንኳ መለሱ። አነባበሮው ሲበዛ እኔ በላሁት። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ ግን እሳቸው ራሳቸው ገቡና አልጋው አጠገብ ዘፍ አሉ። እናኑ ጡቷን ሸፈነች። አለቀ፣ አልኩ በልቤ፤ ይቺን ሴት በየትኛው ደንብ ነው የማስወጣት?

እትዬ ዘነብ ጀርባቸውን ለአልጋው ሰጥተው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«አጥቢ» አሉ። «የሰላሌ ልጅ ነኝ። እናቴ ስታበላኝ በነጠላዋ ውስጥ ነበር። ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

እናኑ ጡቷን ገለጠች። አጠባች። እትዬ ዘነብ ጀርባቸውን ሰጥተው ደም ግፊታቸውን ሲያወሩ ዋሉ፣ ልጅቷ ደግሞ ስትውጥ ዋለች። እስከ ቀጠሮው ድረስ በየቀኑ እንደዚያ። ስታለቅስም ወደዚያኛው ግድግዳ አዙሩ አላሉም።

ጤና ጣቢያ ስንመለስ ሲስተር ልጅቷን ልብሷን አስወልቃ አስተኛቻት። እናኑ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ አልጨፈንኩም።

«ሦስት ኪሎ ከአንድ መቶ ሃያ።»

«ይድገሙት።»

ደገመችው። ያው ነው።

«ሆስፒታል የለም» አለች ሲስተር። «አሁንስ ሸንታ ጨርሳለች ወይስ ልጠብቅ?»

ከጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ሆኜ እማማ የሺ ዘንድ ደወልኩ። መስመሩ ይቆራረጣል።

«እማማ፣ ሞላች። ከሦስት ኪሎ አልፋለች።»

«ቅቤ አልሳችኋት?»

«አላላስናትም። ጡት ብቻ ነው።»

ዶሮ ሲጮህ ሰማሁ፣ የእኛው ግቢ ዶሮ ነው።

«እንዳልመጣ መንገዱ ተዘግቶ መኪና አይሄድም ይላሉ አሁን» አለች። «ማንን ትመስላለች?»

«ገና ማንንም አልመሰለችም።»

«አየህ? ኪሎዋን ብቻ ነው የምትነግረኝ። እኔ ኪሎ አቅፌ ልተኛ ነው?»

እናኑ ስልኩን ተቀብላኝ የልጅቷ ጆሮ ላይ አደረገችው፤ ከዚያ ወዲያ የተባባሉትን እኔ አልሰማሁም።

የሦስት መቶ ግራሙ ጉዳይ ያለቀው በዚያው ቀን፣ ጥር አሥራ አምስት፣ የቂርቆስ ዕለት ነው።