ያለ ነዶ አላስነሳም

ደባርቅ ላይ ብየዳ የምትሠራ ሴት አለች ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባሏ የት ሄዶ ነው?» ነበር። ባል አልነበረኝም። የነበረኝ ከቴክኒክና ሙያ ያገኘሁት ሙያ፣ አብረውኝ የተመረቁ ሁለት ወንድ ባልደረቦች፣ መንግሥትም በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች ብሎ የሰጠን አንድ የቆርቆሮ ሼድ ነው። ከሚሌኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው ይኼ፤ ወጣቱ ሁሉ «ተደራጅ! ተደራጅ!» የሚባልበት ጊዜ። ሼዳችን መብራት ነበረው፣ የሚቆለፍ በር ነበረው፣ የደባርቅን ብርድ ባያስቀርም ነፋሱን ያስቀርልን ነበር። ጠዋት ሊማሊሞን ከመውረዳቸው በፊት የተሰነጠቀባቸውን የሚያስበይዱ የጭነት መኪና ሾፌሮች ይመጣሉ፤ ከሰዓት በር፣ መስኮትና አልጋ እንሠራለን። ሼዱ ከሄደ እኛም ተበተንን ማለት ነው፦ አንዱ ወደ መተማ የቀን ሥራ፣ አንዱ ወደ አባቱ ማሳ፣ እኔ ወደ እናቴ ጓዳ። ወደ ጓዳ መመለስ ደግሞ እኔ በቁሜ አልፈልግም።

አንድ ቀን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሁለት እንግዳ አስከትለው መጡ። የየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆኑ አልናገርም። ሰውየው ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል፣ መንገድ ላይ ስንገናኝም ሰላም እንባባላለን። አንደኛው እንግዳ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ገና ወጣት፣ ብርዱን ሳያውቅ በስስ ሸሚዝ የመጣ። ሁለተኛው የብቅል ፋብሪካ ሰው ነው፤ ትንሽ ይናገራል፣ ብዙ ይመለከታል።

«የሦስትዮሽ ትስስር ነው» አሉ ኃላፊው። ዩኒቨርሲቲው ዲዛይኑን ያወጣል፣ ፋብሪካው ሞተርና ብረት ይሰጣል፣ መንግሥት ሼዱን አቅርቧል፣ እኛ እንሠራለን። የሚወጣውም የገብስ መውቂያ ማሽን ነው፤ ለዳባትም ለበየዳም የሚተርፍ። «ኢኖቬሽን ማለት ይኼ ነው!» አሉ። ቃሏን ሲጠሯት አፋቸው ውስጥ ከረሜላ ያለ ይመስል ነበር።

ሳልዋሽ ልናገር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። የፋብሪካው ሰው ሲያስረዳን ነገሩ ገባኝ። ገብስ በበሬ ሲበራይ አፈርና እበት ይገባበታል፣ የተሰበረ ፍሬም ለብቅል አይሆንም፣ አይበቅልማ። ንጹሕና ያልተሰበረ ገብስ ካገኘ ከገበሬው በደህና ዋጋ ይወስዳል። ይኼ የወሬ ነገር አይደለም፤ ገበሬው የሚያገኝበት፣ እኛም ማሽን እየሠራን የምንኖርበት ነገር ነው። ዕድሜ ልክ አልጋ ስበይድ ልኑር?

መስከረምንና ጥቅምትን ሙሉ ሠራን። መምህሩን «ቲቸር» እንለው ነበር። ዲዛይኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ይለካል፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ እንጨቃጨቃለን፣ አንዳንዴ እሱ ይረታል አንዳንዴ እኔ። ጭቅጭቁ ራሱ ደስ ይል ነበር። በመጨረሻ አንድ ጥርሳም የብረት ከበሮ፣ ከሥሩ ወንፊት፣ ከጎኑ ሞተር ያለው ነገር ቆመ። ሞተሩን ከከበሮው የሚያያይዘው የጎማ ቀበቶ አለ፤ እኛ ቺንጋ እንለዋለን። ቺንጋው ከሌለ ሞተሩ ቢጮህም ከበሮው አይዞርም።

ታኅሣሥ ላይ ኃላፊው የመስክ ቀን ቆረጡ። ዳባት አቅጣጫ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፣ ክምራቸውን ለሙከራ ሊሰጡን የፈቀዱ፤ ቦታው የእሳቸው አውድማ ላይ ይሁን ተባለ። ቀኑን ስሰማ ደነገጥኩ።

«ገብርኤል ነው እኮ!» አልኳቸው።

«ለዚያ እኮ ነው! ሕዝቡ ሁሉ ደብሩ ላይ ነው። በሥራ ቀን ማን ስብሰባ ይመጣልሻል?»

የሚያስቀው ልክ መሆናቸው ነው። በአገራችን የመንግሥት ስብሰባ የሚጠራው በበዓል ቀን ነው፤ ገበሬው ሞፈር አይነካም፣ ከቅዳሴ ሲወጣ በሩ ላይ ይጠበቃል። የማዳበሪያም፣ የተፋሰስም፣ የክትባትም ስብሰባ በበዓል ነው የተለመደው። ለወሬ የሚሆነው ቀን ግን ለውቂያ አይሆንም። ይህን ብናገር «አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ» አሉኝ።

ዕለቱ ደረሰ። ባነሩ ተሰቅሏል፣ ኮፍያና ካናቴራ ታድሏል፣ ካሜራ የያዘ ሰው መጥቷል፣ ከላይ ከክልል የመጡ እንግዶችም ወንበር ይዘዋል። ሕዝቡ ነጠላውን እንዳጣፋ አውድማውን ከቦ ቆሟል። ማሽኑ መሃል ላይ ነው። ክምሩ ደግሞ እዚያው አጠገቡ፣ እንደተከመረ።

«አባባ፣ ነዶውን ይፍቱልና» አሏቸው ኃላፊው ሽማግሌውን።

«ዛሬ?» አሉ ሽማግሌው። «ዛሬማ ገብርኤል ነው፣ ጌታው። እንኳን ነዶ፣ ማጭድም አላነሳ። ነገ ሙሉውን ክምር ውሰዱት።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ገሚሱም ሳቀ። ማንም ክፉ አልተናገረም፣ ማንም ግን አንዲት ዛላ አልነካም። ኃላፊው እንግዶቹን አዩ፣ ባነሩን አዩ፣ ወደኔም ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፦

«አንቺ፣ ባዶውን አስነሺው። አምስት ደቂቃ ይዙርና ይቀረጽ። ውጤቱን እኛ እንናገራለን።»

«ምን ወቃ ብለው ነው የሚናገሩት?»

«አስነሺ ብያለሁ!»

እንግዲህ ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ጊዜ እጄ የተላጠው ባዶ ከበሮ ለማዞር ነው? ገበሬው ዛሬ ባዶ ሞተር ሲጮህ አይቶ «የመንግሥት ጨዋታ ነው» ብሎ ከሄደ፣ ነገ ወርቅ ብናፈስለት አይመለስም። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ! ጎንበስ ብዬ ቺንጋውን ፈታሁና እንደ ማተብ አንገቴ ላይ አደረግሁት።

«ያለ ነዶ አላስነሳም።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሼዱን አስቢ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። ሁለቱ ባልደረቦቼ ሰምተው መሬት መሬት አዩ። እኔም ሰማሁ። የእናቴ ጓዳ ዓይኔ ላይ መጣ። አፌ ግን ቀደመኝ።

«ሞኝዎን ይፈልጉ!» አልኩ፤ ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ካሜራ የያዘው ሰው ሳይቀር ዞረ።

ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ መኪኖቹ ሄዱ። ስለ እኔም ሲወራ ዋለ፤ «ዓይን አውጣ»፣ «ከወንድ ውላ የለመደች»። ይበሉ። ቲቸርና የፋብሪካው ሰው ግን አልሄዱም። «ነገ ከተባለ ነገ ነው» ብለው ከሽማግሌው ቤት አደሩ።

በማግስቱ ገና ጤዛው ሳይረግፍ አውድማው ዳር ጫማችንን አወለቅን። እዚያ አገር አውድማ በጫማ አይገባም፤ እህል ክቡር ነው። ሽማግሌው አማተቡ፣ የመጀመሪያውን ነዶ ፈቱ፣ ቺንጋውን ከአንገቴ አውርጄ ገጠምኩና ሞተሩን አስነሳሁ። ገብሱ ሲወርድ፣ ኧረ እንዴት ልንገራችሁ! ንጹሕ፣ ቢጫ፣ እበት ያልነካው። የፋብሪካው ሰው አንድ ፍሬ ነክሶ ተመለከተ፣ አንድ እፍኝም ኪሱ ከተተ። እኔና ቲቸር እንደ ሕፃን ዘለልን።

ሽማግሌው አልዘለሉም። ከማሽኑ በስተኋላ የሚወጣውን ጭድ በእጃቸው አሹት፣ ወስደውም በሬያቸው ፊት አኖሩለት። በሬው አሸተተና ፊቱን አዞረ። በበሬ እግር የተበራየ ጭድ ለስላሳ ነው፤ የኛው ግን ረጃጅምና እንደ ሽቦ የሚዋጋ ነበር።

«ልጄ፣ እህሉስ እሰይ» አሉኝ። «በሬዬ ግን ይኼን አይበላም። በሬዬ ካልበላ ከርሞ ምን አርሼ፣ አንቺስ ምን ልትወቂ?»

ዩኒቨርሲቲው፣ ፋብሪካው፣ መንግሥት፣ እኛ። በስብሰባው ሁሉ በሬውን የጠራው አልነበረም። ቲቸር ወዲያው ቁጭ ብሎ ጭዱን መለካት ጀመረ። እኔም ያን ዕለት ይኼን ሰው እንደ ወንድሜ ወደድኩት።

ጥር ሳይጋመስ ሼዳችን ታሸገ። «ለመተባበር ፍላጎት ላሳየ ማኅበር ይሰጣል» ተባልን። ዕቃችንን መንገድ ላይ አወጣነው። አንዱ ባልደረባዬ «በአምስት ደቂቃ ባዶ ሞተር ሼድ አስበላሽን» አለኝ፤ መተማም ሄደ። አለቀስኩ። ማንም እንዳያየኝ ማሽኑ ሥር ገብቼ፣ ከሐዘን ይልቅ ከንዴት ብዛት አለቀስኩ። እናቴም «ቤት አለሽ እኮ፣ ግቢ» አለችኝ። እሷ ፍቅር ነው የተናገረችው፣ እኔ ግን ፍርድ ሆኖ ተሰማኝ።

አልገባሁም! ወደ ሊማሊሞ መውጫ፣ መኪኖቹ ከሚቆሙበት ዳር፣ አንድ የማውቀው ሾፌር ለእኔና ለቀረው ባልደረባዬ አሮጌ ሸራ ሰጠን፤ በባሕር ዛፍ ቋሚ ወጠርነው። መብራት ከጎረቤት ሻይ ቤት ለምነን ሳብን። ነፋሱ ሸራውን እየገለበጠ ሲያሰቃየን ከረመ። የፋብሪካው ሰው ሞተሩን ሊወስድ ይችል ነበር፤ «እጃችሁ ላይ ይቆይ» ብሎ ተወልን። ቲቸርም ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየተሳፈረ ይመጣል፤ አሁን ጋቢ ለምዷል። ከከበሮው በኋላ ጭዱን መልሶ የሚያሽ ሁለተኛ ከበሮ ሠራን። አንዴ ዱቄት አደረገው፣ ነፋስ ወሰደው። አንዴም ጭራሽ አልነካውም። ሽማግሌው ለሙከራ ብለው ነዶ አስቀርተውልን ነበርና በየጊዜው ጭድ በጆንያ ይዤ ዳባት እወርዳለሁ። ሾፌሮቹ «ዛሬስ በሬው ምን አለ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። በሬው ዝም ነው፣ ፊቱን ያዞራል።

ከመስቀል በኋላ ነው፣ አንድ ቅዳሜ። በሬው አሸተተ። ምላሱን አወጣ። በላ። ደግሞ በላ። የሽማግሌው ሚስት እልልታዋን አቀለጠችው፣ ቲቸር መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ፣ እኔ የበሬውን ግንባር ሳምኩ። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በፊትም በኋላም አላውቅ።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ሄደ። በመኸሩ ገበሬ በተራ ይወስደን ጀመር፤ ከበየዳ ሳይቀር ሰው መጥቶ ጠየቀን። ያን ጊዜ እኒያው ኃላፊ ባነር አሠርተው፣ «የሦስትዮሽ ትስስራችን ፍሬ» አስብለው፣ ከክልል እንግዳ ይዘው የእኒያው ሽማግሌ አውድማ ላይ ከች አሉ። ምን ቀን? የጊዮርጊስ ለት!

«እንግዳው ነገ ተራራው ላይ ያለውን ፓርክ ሊያዩ ነው፣ ያለን ዛሬ ብቻ ነው» አሉኝ ወደ ጎን ስበው። «ሼዳችሁ ለማንም አልተሰጠም፣ ባዶ ነው፣ ትመለሳላችሁ። አሁን ለትንሽ ደቂቃ ብቻ፣ ባዶውንም ቢሆን...»

ሼዱ! መብራቱ፣ የሚቆለፈው በር፣ ነፋስ የማይገለብጠው ጣሪያ። አንድ ዓመት ሙሉ በሕልሜ ያየሁት። እጄ ወደ ሞተሩ ሊሄድ ምንም አልቀረውም። የሄደው ግን ወደ ቺንጋው ነው። ፈታሁና አንገቴ ላይ አደረግሁት።

ሽማግሌው በሳቅ ፈነዱ። «አዩ ጌታው፣ ልጅቱ አልተለወጠችም፤ ጊዮርጊስም አልተሻረ!»

የክልሉ እንግዳ ትልቅ ሰው ነበሩ። ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ሽማግሌው ሳይደብቁ ነገሯቸው፣ የአምናውንም የሸራውንም ጭምር። እንግዳው ኃላፊውን ትኩር ብለው ተመለከቱ። «ታዲያ ነገ ይታያላ» አሉና መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

በማግስቱ መጡ። ባነር አልነበረም። ኃላፊው አውድማው ዳር ሲደርሱ ማንም ሳይነግራቸው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ፈቱ፤ ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ነዶ ተፈታ፣ ገብስ ወረደ፣ በሬውም ሰው ሁሉ እያየው በላ። እንግዳው «ይህ የማን ሥራ ነው?» ብለው ጠየቁ። ቲቸር ወደኔ ጠቆመ፣ እኔ ወደሱና ወደ ፋብሪካው ሰው፣ ሽማግሌው ደግሞ ወደ በሬያቸው። ወደ ኃላፊው የጠቆመ አልነበረም።

ሲያበቃ ኃላፊው በባዶ እግራቸው ገለባውን እየረገጡ መጡና የሼዱን ቁልፍ ዘረጉልኝ። ላባቸው ግንባራቸው ላይ ነበር፣ ዓይናቸው ዓይኔን አልደፈረም። ቁልፉን ተቀበልኩ። «እግዜር ይስጥልኝ» እስክል ጠበቁ።

የነጠቁኝን ነው የመለሱልኝ። አላልኩም፤ እስከ ዛሬም አላልኩም።