ጡጫ የማያስገባ ጎማ

«ጡጫዬ ይግባና የፈለግከውን ጫንባት!»

አባታችን ከመኪናዋ የኋላ ጎማ አጠገብ በርከክ ብሏል። ሽርጡን ወደ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ የጨበጠውን እጁን በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ሊያስገባ ይታገላል። አልገባለትም። ከጎማው በላይ ያለው የቆርቆሮ ጠርዝ የእጁን ጀርባ ላጠው።

«አባ፣ ከእንግዲህ ማሾ አትጭንም አልኩህ እኮ» አለ ታላቅ ወንድሜ። የተዋሰውን የብረት መቁረጫ እንደያዘ ነው፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ በሳሎኑ መስኮት በኩል ተስቦ ወጥቷል። «የምትጭነው ሙሽራ ነው። ሙሽራ ደግሞ በኩንታል አይመጣም።»

«ያንተን ሙሽሮች አይቻቸዋለሁ። አክስት ሳታስከትል የምትመጣ የለችም።»

ሳቄ አመለጠኝ። ሁለቱም ዞረው ሲያዩኝ ዋጥኩት።

«ጠርዙን ብቻ ነው የምቆርጠው። ከውስጥ ነው፣ ለሰው አይታይም።»

«አትቆርጣትም። ኢልማ ኮ፣ ዲሲ!»

ልጄ፣ ተው ማለቱ ነው። አባቴ ሲቆጣ ወደ ኦሮምኛ ይሻገራል፤ ሲብስበት ደግሞ በሁለቱም ዝም ይላል።

መኪናዋን በቀለሟ ዳለቻ እንላታለን። ከእኔም ከወንድሜም በዕድሜ ትበልጣለች፤ ኋላዋ ረዘም ያለ፣ ጎማዋ ቀጭን፣ ከመሬት ከፍ ያለች። አባቴ ከከሚሴ ጨፋ ሮቢት ገበያተኛ እያመላለሰ ነው በእሷ ያሳደገን። ሚዛን የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ጭነት በተጨመረ ቁጥር ይወርድና ጡጫውን በኋላ ጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይከታል። ከገባ ይጨመራል፤ ካልገባ አንድ ጆንያ ወይም አንድ ሰው ይወርዳል። ነጋዴዎቹ ሴቶች ደንቡን ስለሚያውቁት ያሾፉበታል። «ምነው የእኔ ጆንያ ሲደርስ ብቻ ጡጫህ ያብጣል?» ትለዋለች አንዷ። «የእሷ ሲሆንማ ጣቱን ነው የሚሰደው!» ትላለች ሌላዋ። እሱ ግን ለማንም አጥብቆ ወይም አላልቶ ጨብጦ አያውቅም።

ከዚያ ባጃጁ በዛ፣ አዳዲስ ሚኒባሶች መጡ። ሴቶቹ እያፈሩም ቢሆን አንድ በአንድ ተዉት። ዳለቻ ግቢያችን ውስጥ ቆማ ዶሮ ታድርባት ጀመር። እናታችንም በዚያው ሰሞን አለፈች። ሦስት ወንዶች ቀረን፤ ለመነጋገር እምብዛም የማይመቸን ሦስት ወንዶች።

ብዙ ሳይቆይ ወንድሜ ዓረብ አገር ሄደ። የተመለሰው ግን ወዶ አይደለም። ያዙት፣ አሰሩት፣ አንድ ፌስታል አስይዘው በአውሮፕላን ሰደዱት። ከመጣ በኋላ ቀኑን ሙሉ አስፋልቱ ዳር ተቀምጦ ወደ አዲስ አበባና ወደ ደሴ የሚያልፈውን መኪና ያያል። አብሮ አደጎቹ የሉም። አንዱ ባሕር በልቶታል፣ አንዱ የት እንደገባ አይታወቅም፣ ሌሎቹ ከማዶ ሆነው በስልክ ፎቶ ይልካሉ። ማታ ማታ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ሲያንሾካሹክ ደላላ እያናገረ እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ማናችንም አናነሳውም።

አንድ ቀን አባቴ ሱብሂ ሰግዶ ገባና የመኪናዋን ቁልፍ ወንድሜ ራስጌ አስቀመጠ። የተኛሁ መስዬ እሰማ ነበር።

«ያንተ ናት። ያሰኘህን አድርጋት» አለው። «ብቻ እዚሁ ሁን።»

ሲነጋ ወንድሜ ዶሮዎቹን አስወጣቸው። ዳለቻን ሲያጥብ፣ ሲወለውል፣ ከሞተሯ ስር ተኝቶ ሲፈታ ሲገጥም ሰነበተ። የሰርግ መኪና ሊያደርጋት ነው። የውጭ አገር አሮጌ መኪናዎች አዲስ ጎማ አጥልቀው ሲሽቀረቀሩ በስልኩ አይቷል። ከአዲስ አበባ የሚያብለጨልጭ ትልልቅ የአሉሚኒየም ቸርኬና ሰፊ ጎማ አስመጣ። ቀዳዳው ከዳለቻ ቡሎን ጋር አልገጥም ቢል ደሴ ድረስ ሄዶ ማገናኛ ብረት በቶርኖ አስቀረጸ።

አስፋልቱ ዳር ካለው ጎሚስታ ዘንድ ሲያስገጥማቸው አብሬው ነበርኩ። ክሪኩ ወርዶ ዳለቻ በአዲሱ እግሯ ስትቆም ጎሚስታው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አሮጊቷን የኳስ ጫማ አስጠለቅካት እኮ!» አለ። ወንድሜ ከተመለሰ ወዲህ ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ ግን ዓይኔ ከጎማው በላይ ቀረ። አባቴ ጡጫውን ይከትበት የነበረው ክፍተት ጠፍቷል።

«አንተ ግጥም ትጽፍ የለ? ለኋላ መስታወቷ አንዲት መስመር ፈልግልኝ» አለኝ ወንድሜ ስንመለስ። «የምታስቅ ትሁን።»

ፈለግኩ። የሚመጣልኝ ሁሉ ለለቅሶ እንጂ ለሰርግ የሚሆን አልነበረም። መስታወቷ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

የመጀመሪያው ሰርግ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ የገጠር መንደር ነበር። ሙሽራዋና አክስቶቿ ተጠጋግተው ተሳፈሩ። ዳለቻ አስፋልት ላይ እያለች ደህና ሄደች። የአፈሩ መንገድ ላይ አንዱ ጎማ ቦይ ውስጥ ሲወርድ ቆርቆሮው ጎማውን ነከሰው። መኪናዋ አጓራች፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን። አክስቶቹ ወርደው ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ጭቃውን ይረግጡት ጀመር። አንዲቷ፣ «ያ ጀማዓ፣ ሙሽራዋን መኪናው አገባት፤ እኛን ፈታን!» ስትል መንገዱ ሁሉ በሳቅ ተሞላ። ወንድሜም አብሯቸው ሳቀ። ግቢያችን ስንደርስ ግን የተላጠውን ጎማ በጣቱ እየዳሰሰ ብዙ ቆየ። በማግስቱ ከጎረቤት የብረት መቁረጫ ተዋሰ።

ጭቅጭቁ የመጣው በዚህ ነው።

«ቸርኬ ይፈታል» አለ አባቴ፣ የተላጠ እጁን በሽርጡ ጫፍ እየጠቀለለ። «የተቆረጠ ቆርቆሮ ግን ተመልሶ አይገጥምም።»

ወንድሜ ቀና ብሎ አየው። «ለምንድነው የሚፈታው?»

አባቴ የሽርጡን ጫፍ እጁ ላይ አጠበቀ።

«ማን ነው የሚፈታው፣ አባ?»

መቁረጫውን ኮፋኖው ላይ አስቀምጦ ወደ አባታችን መኝታ ክፍል ገባ። ሲወጣ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዟል። አባቴ እግር ስር አኖረው። የዳለቻ አሮጌ ቡሎኖች ናቸው፣ ዘይት ውስጥ ተነክረው።

«ለቁራሌው ሰጠኋቸው ብለኸኝ አልነበር? ትናንት ክሪክ ስፈልግ ነው ያገኘኋቸው። አሮጌዎቹ ጎማዎችም አልጋህ ስር በሰሌን ተጠቅልለው ተኝተዋል።»

እኔም አይቻቸው ነበር። አባቴ አንዳንድ ጠዋት ከሶላቱ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ቡሎኖቹን እንደ ሙስበሃ ዶቃ አንድ በአንድ እያወጣ ዝገት ይፈልግባቸዋል።

«አንተ እኮ መሄዴን ነው የምትጠብቀው» አለ ወንድሜ። ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ ቢጮህ ይሻለን ነበር።

«የጎረቤቶቼ ልጆች ሁሉ አንሄድም እያሉ ነው የሄዱት።»

«እኔ የጎረቤትህ ልጅ ነኝ?»

አባቴ ጉልበቱን ደግፎ ተነሳ። መቁረጫውን ከኮፋኖው ላይ አንስቶ በሁለት እጁ ዘረጋለት።

«እሺ፣ ቁረጣት። ወላሂ እኔው እይዝልሃለሁ። እንካ፣ ቁረጥ።»

ወንድሜ ተቀበለው። መስኮቱ ድረስ ሄዶ ገመዱን ነቀለና በክንዱ ላይ እየጠመጠመ፣ ሳይቸኩል ሰበሰበው። ወደ ቤት ገብቶ ሲመለስ የመኪናዋን ቁልፍ ጣሳው አጠገብ አስቀመጠ።

«ኤሳ ዴምታ?» አለው አባቴ። ወዴት ነው?

«የሰው ዕቃ ልመልስ።»

መቁረጫውን የተዋሰበት ቤት ከእኛ ግድግዳ ቀጥሎ ነው። ለዚያ የግቢው ነጠላ ጫማ ይበቃ ነበር። እሱ ግን የገባው ክር ያለውን ጫማ ሊያጠልቅ ኖሯል፤ ክሩንም አጥብቆ አስሮታል። አባቴም አይቶታል። ዓይኑ ከወንድሜ እግር አልተነሳም፤ የተላጠ እጁ እንደገና ተጨብጧል።

የግቢያችን የቆርቆሮ በር ስለዘመመ መሬት ይነካል፤ ከፍ አድርገው ካልያዙት አይዘጋም። ወንድሜ በወጣ ቁጥር ክፍቱን ትቶት ስለሚሄድ አባቴ ሁልጊዜ ይቆጣው ነበር። ያን ቀን መቁረጫውን ከውጭ መሬት ላይ አስቀመጠ፣ በሩን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘና ዘጋው።