ወገብ ነው እንጂ ብርድ አይደለም

ዛሬ ከድር የበርበሬ ጆንያ ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ እዚያው ቀረ። መቃናት አቃተው።

እዚህ ቡታጅራ፣ መጋዘን ውስጥ የጫኝ አውራጆች አለቃ ነኝ። ጠዋት የሥራ ላይ ጉዳት የሚያጣራ ባለሙያ መጥቶ ነበር። ጆንያው ይከብዳል? ከመሬት ነው የሚነሳው? ሲነሳ ወገብ ይጠማዘዛል? ሁሉንም መለስኩ።

መጨረሻ ላይ «ወገቡን የሚያመው ሠራተኛ አለ?» አለኝ።

«ኧረ የለም!» አልኩት። ልጆቹን ዞር ብዬ እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

እኛ ጋ ወገቤን የሚል የለማ! ሁሉም «ብርድ መታኝ» ነው የሚለው። እኔም ጋቢ ጠቅልልበት፣ ፌጦ ጠጣበት እላለሁ። ዶክተሩ እኔ ነኝ።

ከድርን ደግፌ ሳስቀምጠው «ብርድ ናት ጋሼ፣ ትለቀኛለች» አለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ወላሂ ልጄን ካቀፍኳት ቆየሁ። እናቷ ‹ጠላሃት እንዴ?› ትለኛለች» ብሎ ሳቀ።

እኔም አባት ነኝ፤ መሳቅ አቃተኝ።

ሐኪም ቤት አድርሼው ስመለስ ሌሎቹን «ብርድ ያለበት ማነው?» አልኳቸው። እጁን ያላወጣ የለም።

ወዲያው ለባለሙያው ደውዬ «ተሳስቻለሁ፣ ይመለሱልን» አልኩት።

እናንተስ ጋ፣ ሥራ የጎዳውን ወገብ ምን እያላችሁ ነው የምታልፉት? እስቲ ጻፉልኝ።