በሩ የተነቀለው ፍሪጅ

ቦንጋ ውስጥ አጥር ጥግ የቆመ በር የሌለው አሮጌ ፍሪጅ ካያችሁ፣ እትዬ ተሾመች በዚያ አልፋለች ማለት ነው። ማር ነጋዴ ናት። በማታውቀው ሰው ግቢ እንኳ የተበላሸ ፍሪጅ ካየች፣ ሰላምታዋን ሳትጨርስ «በሩን አስነቅሉት» ትላለች። አንዳንዱ ይስቅባታል፤ አንዳንዱ ነካ ሳያደርጋት አይቀርም ይላል። ይበል፣ ግድ የላትም።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ድሮማ ዕቃ መጣል የማይሆንላት ሴት ነበረች። የተቃጠለ ካውያ የበር መደገፊያ፣ የሞተ ቴሌቪዥን ሆዱ ወጥቶ የዶሮ ማደሪያ ይሆናል። ፍሪጁንም ያመጣችው አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ ነው። ሞተሩ ከሞተ ቆይቷል፤ እሷ ግን የፈለገችው በሩን ነበር። ከውጭ የብረት እጀታ ያለው፣ ቀጭ ብሎ የሚቆለፍ የድሮ በር፤ እንዲህ ያለውን አይጥ አይደፍረውም። መደርደሪያዎቹን አወጣች፣ በረንዳ ላይ አቆመችው፣ የማር ባልዲዎቿን ከተተችበት።

ፍሪጅ ሠሪው ግዛቸው ገና ሲያየው አልወደደውም።

«እትዬ፣ ይሄን ነገር እንዲህ አያቁሙት። ጋዙን አየር ላይ ሳይለቀቅ በመሣሪያ ልቅዳው፣ ሞተሩ ለመለዋወጫ ይሆናል፣ ቆርቆሮውን ለቆራሌው ይስጡት። ቢያንስ በሩን ልንቀልልዎት፤ ቤት ውስጥ ልጅ አለ።»

«ደህናውን በር? አብደሃል እንዴ! ይልቅ የበሩን ጎማ ቀይርልኝ። ታች ጥጉ ተበልቶ ጉንዳን እያስገባብኝ ነው።»

ግዛቸው እሺ አለ። እሺ ማለት ያውቅበታል። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲል ክረምቱ ገባ፤ ተሾመችም መንገድ ላይ ባገኘችው ቁጥር የስድብ ናዳ ታወርድበታለች።

ያን ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ባሏ ቢሻው አስተማሪ ነው፣ ሳምንቱን የሚያሳልፈው በሚያስተምርበት በዋጫ ከተማ ነው። ተሾመች የአምስት ዓመት ልጇን ዝማሬን ለጎረቤቷ ለፍሬ ትታ ገበያ ዋለች። ባዶ ባልዲዎቿን ተሸክማ ስትገባ የፍሪጁ በር ገርበብ ብሏል። ውስጡ የቀረው አንድ ባልዲ ማር ነበር። ገርበብ ያለ በር ደግሞ ያንገበግባታል።

«ማነው ይሄን ክፍት የተወው? አይጥ ሊገባበት!» አለችና፣ እጇ ስለተያዘ በዳሌዋ ገፋችው። ቀጭ አለ።

ባልዲዎቹን አጠበች፣ የራሰ ልብሷን ቀየረች፣ ልጇን ልታመጣ ፍሬ ቤት ሄደች።

«እንዴ! ዝናቡ ሲጀምር ቤቴ ልሂድ ብላ ወጣች እኮ» አለች ፍሬ።

ተሾመች ወደ ቤቷ ሮጠች። አልጋ ሥር፣ ሽንት ቤት፣ ጓሮ እንሰቱ መሀል ተፈለገ። ጎረቤቱ ወጣ፣ ባጃጆቹ በየመንገዱ ተበተኑ። አንዱ ወንዙን ሲጠራ፣ በረንዳዋ ላይ ዘፍ ብላ፣ ጀርባዋን ፍሪጁ ላይ አስደግፋ «ዝማሬ! ዝማሬ!» እያለች ጮኸች። ከዝናቡ ድምፅ በቀር የመለሰላት የለም።

ከዚያ ባዶ እግሯን የሚያጣብቅ ነገር ነካት። ጎንበስ ብላ አየች። ማር ነው። በተበላችው የጎማ ጥግ በኩል ማር ይንጠባጠባል።

ባልዲ ብቻውን አይደፋም! ዳሌዋ ላይ የበሩ ክብደት፣ ጆሮዋ ላይ ያ «ቀጭ» ያለው ድምፅ መጣባት። እጀታውን እንዴት እንደከፈተችው አታውቅም። ዝማሬ ፀጉሯ በማር ተለውሶ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ እግሯ ሥር ዝርግፍ አለች። ተሾመች ያን ጊዜ የጮኸችው የሰው ጩኸት አይመስልም ነበር ይላሉ የሰሙት። ልጅቷ አንዴ ሳለች፣ ከዚያ አለቀሰች፤ ባጃጁም ይዟቸው ወደ ሐኪም ቤት በረረ።

ዝማሬ ተረፈች። በማግስቱ ግዛቸው መጣ፣ ቁጢጥ ብሎ የተበላውን ጎማ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«በዚህች ቀዳዳ ነው የተነፈሰችው። እትዬ… ጎማውን ቀይሬልዎት ቢሆን እኮ…»

አልጨረሰውም። ተሾመች ቀዳዳዋን በጣቷ ነካቻት። ክረምቱን ሙሉ ሰውየውን ስትሰድብ የከረመችው ይህችን ቀዳዳ እንዲደፍንላት ነበር!

ግዛቸው በሩን ሲነቅል፣ የመጨረሻው ብሎን እስኪወልቅ ከአጠገቡ ንቅንቅ አላለችም። ጋዙ ተቀዳ፣ ሞተሩ ወደ ሱቁ ሄደ፣ ቆርቆሮውን ቆራሌው በጋሪ ጫነው። ለማየት የተሰበሰበው ጎረቤት በሩን ማን ዘጋው ይባባላል። ነፋስ ነው ያለ አለ፣ ሰይጣን ነው ያለም አለ። ተሾመች ዝም አለች። ከዋጫ ሲከንፍ ለመጣው ባሏም ትንፍሽ አላለችም።

ዝማሬ ቀሚሷን ጎተት አደረገቻት።

«እማዬ፣ ላስደነግጥሽ ብዬ እኮ ነው የተደበቅኩት። ስትመጪ አፌን ይዤ ሳቅሁ» አለቻት። «አይጥ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።»