ምላጯ መቶ ከመቶ አመጣች

እናቴን የቀዶ ጥገና ክፍል ባልደረቦቿ «ምላጯ» ይሏታል። ለቁጣዋ አይደለም፤ ለቁጣዋ ቢሆን ሌላ ስም ይገባት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ነገ ኦፕራሲዮን ያለበት ሰው ሆዱም ይሁን ጉልበቱ በእሷ እጅ ሳይላጭ አያድርም። ቆዳውን እንደ ሕፃን ጉንጭ አለስልሳ ነው የምታስረክበው። ዶክተሮቹ ሳይቀሩ «ማን ላጨው?» ብለው ይጠይቃሉ። በዚህ ነገር ስትኮራ ያላያት ሰው ኩራት ምን እንደሆነ አያውቅም።

ዘንድሮ ሆስፒታሉ ስልጠና አመጣ። ስሙ ራሱ ትንፋሽ ያሳጥራል፦ «በማስረጃ የተደገፈ የነርስነት አሠራር በተገለበጠ የመማር ዘዴ»። ሲፈታ፣ ትምህርቱን ቤታችሁ በስልክ ቪዲዮ ተማሩ፣ ፈተናውንም እዚያው ሥሩ፣ ክፍል ስትመጡ ትወያያላችሁ ማለት ነው። ይህን ያሰበው ሰው ድርብ ፈረቃ ውሎ፣ ያበጠ እግሩን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ እንደማያውቅ እገምታለሁ።

«ሲገለበጥ የማውቀው መኪና ነው፤ የተረፈውንም የምንሰፋው እኛው ነን» አለች እናቴ። አሰልጣኟ ደግሞ ከአሥር ዓመት በፊት እሷው ራሷ መርፌ አያያዝ ያሳየቻት ልጅ መሆኗ ይበልጥ አንገበገባት። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!» ብላ ስልኩን ወረወረችልኝ። «አንቺ ሥራ ፈት ነሽ፤ እይልኝ።»

ስልጠናውን ያልጨረሰ የክፍል ኃላፊ አይሆንም ተብሏል። ኃላፊነቱን ደግሞ እናቴ ስድስት ዓመት ጠብቃዋለች። ስለዚህ አየሁላት። እሷ ልብስ ስታጥብ እኔ ስለ ቁስል አስተሻሸግ ተማርኩ፤ እሷ ሶፋው ላይ ስታንኮራፋ እኔ ስለ እጅ አስተጣጠብ። አራት ፈተና ሠራሁ፤ አራቱንም መቶ። ስሟ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከሁሉም በላይ ተለጠፈ። እንኳን ደስ አለሽ ሲሏት «ማንበብ ነው እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም» ትል ነበር አሉ።

አምስተኛው ቪዲዮ ስለ ምላጭ ሆነ።

ምላጭ ዓይን የማያየው ጭረት ይተዋል፣ በጭረቱ ጀርም ይገባል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ፀጉሩ ካላስቸገራችሁ አትንኩት፣ ካስቸገራችሁ በማሽን ከርክሙት ይላል። አሥር ደቂቃ ነው። ሁለቴ አየሁት። ፈተናውን ሠርቼ መቶዬን ይዤ ወጥ ቤት ስገባ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«የነገው ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ ምላጭ።»

ፊቷ በራ። «በይ ተይው! ይሄንንማ እኔ ነኝ የማስተምራቸው።»

ልቤ ንገሪያት፣ ንገሪያት ይለኛል። አፌ ግን «አዎ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ» አለ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

በማግስቱ ጋውኗን ተኩሳ ሄደች። የሆነውን አመሻሹ ላይ ራሷ ነገረችኝ። አሰልጣኟ ገና ከመግባቷ «ዛሬም መቶ ያመጡት ሲስተር፣ ምላጭን ለምን መተው እንዳለብን ያስረዱናል» ብላ ማርከሩን ሰጠቻት። ሠላሳ ነርስ አፍጥጦ ይጠብቃል።

«መተው?» አለች እናቴ። «ማን ነው የሚተወው?»

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባቸው ደግሞ አንድ በአንድ ወደ ስልካቸው አቀረቀሩ።

የዚህ ዘዴ ክፋቱ፣ ክፍል ውስጥ ማንም አይነግርህም፤ ራስህ ፈልገህ እንድታገኘው ያደርጉሃል። አሰልጣኟ የክፍሉን የዓመት መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በቡድን ቁጠሩ አለቻቸው። እናቴም ቆጠረች። የላጨቻቸውን የመዘገበችው በገዛ እጇ ነው፤ ማንን ትጠርጥር? በምላጭ ከተላጩት ዘጠና ሰዎች የአሥራ ሁለቱ ቁስል አመርቅዟል። ወገቧን አሟት ቤት በተኛችባቸው ሁለት ወራት ምላጯን ለመንካት የደፈረ ስላልነበረ፣ ሃያ አምስት ሰው ሳይላጭ ገብቷል። ከነዚያ ያመረቀዘው አንድ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ለበሽተኛ ከጠቀመው ሁሉ የእናቴ ወገብ ሕመም አንደኛ ሳይሆን አይቀርም።

ደግማ ቆጠረች። ከዚያ ተነስታ «ፈተናዎቹን የሠራችው ልጄ ናት። የላጨሁት ግን እኔ ነኝ» አለች። የክፍል ኃላፊ የመሆን ተስፋዋ እዚያው አበቃ።

ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ፣ ብትመታኝም በተሻለኝ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ቪዲዮውን ክፈቺልኝ አለችኝ። መነጽሯን አድርጋ አሥሩንም ደቂቃ አየች። ሲያልቅ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«በዓመት አሥራ ሁለት ሰው ከሆነ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ስንት ይመጣል?»

መልሱ ወዲያው መጥቶልኝ ነበር። «አላውቅም» አልኳት።