ተረኛ መምህር

ተብታባ ነኝ። ቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ነው። ሐረር ደግሞ ቀድሞ የሚናገር አይጠፋም፤ አገሩ ቀልድ ይወዳል፤ በቀልዱም ክፋት የለበትም ይባላል። ይህን የሚሉት ግን ተቀልዶባቸው የማያውቁ ናቸው።

ከጀጎል ግንብ ውጪ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የምኖረው ጀጎል ውስጥ፣ ኤረር በር አጠገብ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። ተማሪዎቼ ፊት ብዙም አልቸገርም። አንዳንድ ቃል ሲይዘኝ ቆም እላለሁ፣ ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ፣ እንቀጥላለን። ልጆቹ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ይስቃሉ፤ ጥቂት ሰንበትበት ሲሉ ይሰለቻቸውና ይተዉታል። የማይተዉኝ ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

ባልደረቦቼ አይስቁብኝም፤ ያዝኑልኛል። ስብሰባ ላይ እጄን ሳወጣ አንዱ "እሱ ለማለት የፈለገው…" ብሎ እኔ ያላሰብኩትን ይናገርልኛል፤ ሌሎቹ ይስማማሉ፤ ቃለ ጉባኤው ላይም በእኔ ስም ይሰፍራል። ስንት ጊዜ ያላልኩትን ብያለሁ! አሁን እጄን ማውጣት ትቻለሁ።

እኛ ዘንድ መምህራን በየሳምንቱ ተረኛ ይሆናሉ። ተረኛው ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ሰልፉ ፊት ቆሞ በማይክ መልእክት ያስተላልፋል። የእኔ ተራ ሲደርስ ሁልጊዜ የሚተካኝ የስፖርት መምህሩ ነው፤ ከልቡ የሚወደኝ ሰው ነው። "አቦ ተወው፣ እኔ እይዝልሃለሁ። ወላሂ ደስ ብሎኝ ነው" ይለኛል። እፎይ ብዬ አመሰግነዋለሁ። ቤቴ ስገባ ግን እናደዳለሁ፤ በእሱም በራሴም።

ዘንድሮ፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ ዳይሬክተሯ ቢሯቸው ጠሩኝ። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ።

"ልጄ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሰው ይፈልጋል። ጸጥ ያለ ቦታ ነው፤ አንተም ታርፋለህ። ለሚቀጥለው ዓመት እዚያ ብንመድብህስ?"

በማስተማሬ ላይ ቅሬታ ቀርቦ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"ኧረ በጭራሽ! ለአንተው አስቤ ነው እንጂ። እስከ ዓርብ መልሱን ስጠኝ።"

ከቢሯቸው ስወጣ ይህን ለማን እንደምነግር አሰብኩ፤ አንድም ሰው አልመጣልኝም። የስፖርት መምህሩ "አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልክ!" እንደሚለኝ አውቃለሁ። በኤረር በር ስገባ ከድሬ ጠያራ ገጠር አትክልት ይዘው የመጡ ሴቶች የተረፋቸውን ወደ ማዳበሪያ ከረጢት እየመለሱ ነበር። ሰላም ሲሉኝ በእጄ መለስኩላቸውና አለፍኩ።

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ጮክ ብዬ መልሴን ተናገርኩ። መምህር ነኝ፣ ማስተማር እወዳለሁ፣ አልለቅም አልኩ። አንድም ቃል አልያዘኝም። ብቻዬን ስሆን ንግግሬ እንደ ውኃ ይፈሳል፤ ሰሚ እስከሌለ ድረስ ዜና ማንበብ እችላለሁ። ይህን ደግሞ ማንም አይቶልኝ አያውቅም፤ ሰው ካለ አይሆንማ! አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የዚያ ሳምንት ተረኛ፣ ለወጉ ያህል፣ እኔ ነበርኩ። በማግስቱ ጠዋት የስፖርት መምህሩ እንደ ልማዱ ወደ ማይኩ ሲሄድ ፈጥኜ ቀደምኩት።

"ዛሬ እኔ ነኝ።"

"አቦ ምን ነካህ? መሳቂያ ልትሆን ነው?" አለኝ፤ ተቆጥቶ ሳይሆን ደንግጦ።

መልእክቱ አጭር ነበር። ከሰዓት በኋላ መምህራን ስብሰባ ስላለብን ትምህርት የለም፤ ከሩቅ የሚመጡ ልጆች በጊዜ ወደ ቤታቸው ይግቡ። "ከሰዓት" የሚለው ቃል ላይ ተያዝኩ። ማይክ ላይ መንተባተብ ደግሞ ሌላ ነው፤ የገዛ ትንፋሼን በድምፅ ማጉያው ከግቢው ማዶ ሰማሁት። ከሰልፉ ኋላ ሳቅ ተነሳና እስከ ፊተኞቹ ደረሰ። የስፖርት መምህሩ ማይኩን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። ማይኩን ወደ ደረቴ ሳብኩት። ቃሉ ወጣ። የሚቀጥለው ያዘኝ፤ እሱም ወጣ። ሳቁ አልቆመም፤ እኔም አላቆምኩም። ስጨርስ ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። ደስታቸው ትምህርት ባለመኖሩ ነበር።

መምህራን ማረፊያ ስገባ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሻዩን ያማስል ጀመር። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ጥግ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ፤ አጠገቤ ያሉት ወንበሮች ባዶ ነበሩ።

ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ብቅ ብለው ወደ ኮሪደሩ ጠሩኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ለምን ራስህን እንዲህ ታሰቃያለህ ልጄ?"

"መልእክቱ ለልጆቹ ደርሷል?" አልኳቸው።

"ደርሷል።"

ቤተ መጻሕፍቱን እንደማልፈልግ መንገር ጀመርኩ። "ቤ" ላይ ተጣበቅሁ።

"ቤተ መጻሕፍቱን? ተቀበልከው?" አሉኝ በደስታ።

በእጄ አስቆምኳቸው። እንደ እናት በማያቸው ሴት ፊት እንዲህ እጄን አንስቼ አላውቅም፤ አፈርኩ። ቢሆንም አላወረድኩትም። ቤተ መጻሕፍት እንደማልሄድ፣ ከክፍሌ እንደማልወጣ፣ ነገም ተረኛው እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። በመካከሉ ደወል ተደወለ፤ ልጆች በአጠገባችን እየሮጡ አለፉ፤ ኮሪደሩ ጭር አለ። አሁንም አልጨረስኩም ነበር። እሳቸው ግን የትም አልሄዱም፤ ከንፈራቸውን ገጥመው የመጨረሻዋ ቃል እስክትወጣ ድረስ ጠበቁኝ። እዚህ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ከባልደረቦቼ መካከል እስክጨርስ የጠበቀኝ ሰው አልነበረም።